የአውሮፕላን ሞተር መርከብ ላይ ምን ይሠራል?

ከአውሮፕላን ሞተር የተወለዱ የጋዝ ተርባይኖች (ነዳጅ ተቃጥሎ በሚወጣ ትኩስ ጋዝ የሚዞሩ ሞተሮች) መርከብ ለመንዳትና ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ያዋጣሉ ወይ? ሁለት ጸሐፊዎች አልተስማሙም።

የተርባይን ጠበቃ፦ ከሥሩ ልጀምር። ኤልኤም 2500 የተባለው የጄኔራል ኤሌክትሪክ ተርባይን ዲሲ-10 የተባለውን አውሮፕላን ካበረረው ሲኤፍ6 ሞተር ጋር ዘመድ ነው። ፊት ያለው ሰፊ ማራገቢያ ተነቀለ። ማራገቢያውን ያዞር የነበረው የኋላ ተርባይን አሁን በማርሽ በኩል ፕሮፔለር ያዞራል። በቃ! ክብደቱ 5 ቶን አይሞላም፤ ጉልበቱ ከ20 ሜጋ ዋት ይበልጣል። አርሌይ በርክ የሚባሉት የአሜሪካ የጦር መርከቦች 4 ይዘው ከ30 ኖት (በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር ገደማ) በላይ ይሮጣሉ። ሞተሩ ሲበላሽ ደግሞ መርከቡ ሆድ ውስጥ ማንም አይፈታታውም። በአየር መሳቢያው ቱቦ ተጎትቶ ይወጣል፣ ሌላው ይገባል።

የናፍጣ ጠበቃ፦ ወዳጄ፣ የጦር መርከብ የነዳጅ ሒሳብ የሚከፍለው መንግሥት ነው። ነጋዴ መርከብ ላይ እንያቸው። ፊንጄት የተባለችው የመንገደኛ መርከብ እ.ኤ.አ. በ1977 በሁለት የፕራት ኤንድ ዊትኒ ተርባይኖች ከሄልሲንኪ ወደ ጀርመን መመላለስ ጀመረች። ፍጥነቷ ጉድ ተባለለት። ብዙም ሳይቆይ ነዳጅ ተወደደ። መንገደኛ በሚሳሳበት ክረምት ቀስ ብላ እንድትሄድ በ1981 የናፍጣ ሞተር ተጨመረላት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ትልልቅ የመርከብ ናፍጣ ሞተሮች ከነዳጁ ጉልበት ግማሽ ያህሉን ሥራ ላይ ያውላሉ። የእርስዎ ኤልኤም 2500 ከመቶ 37 ገደማ ነው፤ ያውም በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ። ዝግ ሲል ይብስበታል። አየሩ ሲሞቅም ይደክማል።

የተርባይን ጠበቃ፦ ፊንጄትን ልተውልዎ፤ እውነት ነው። ግን ወደ የብስ ይምጡ። ኤልኤም 6000 የተባለው ተርባይን የቦይንግ 747 አውሮፕላን ሞተር ልጅ ነው፤ ከ40 ሜጋ ዋት በላይ ይሰጣል። ነፋስ ጸጥ ብሎ የነፋስ ተርባይኖች ሲቆሙ፣ እሱ በ10 ደቂቃ ውስጥ ተነስቶ ሙሉ ኃይሉን ያወጣል። የእንፋሎት ጣቢያ ገና ቦይለሩን ሲያሞቅ ነው።

የናፍጣ ጠበቃ፦ በጋዝ የሚሠሩ የፒስተን ሞተሮችም በ5 ደቂቃ ይነሳሉ እኮ። ባሕሩ ላይ ደግሞ ኩዊን ሜሪ 2 የተባለችውን የመንገደኛ መርከብ ይዩ። አራት የናፍጣ ሞተሮች ታች ተቀምጠው የዘወትሩን ሥራ ይሠራሉ። ሁለቱ ተርባይኖች ላይ፣ ጭስ ማውጫው ሥር ተሰቅለው ተራ ይጠብቃሉ።

የተርባይን ጠበቃ፦ ይጠብቁ! ካፒቴኑ ወደ 30 ኖት ልድረስ ያለ ቀን ማንን ይጠራል?