ምራቂ

ቅዳሜ ጠዋት የእህቴን ልጅ ከ15 ዓመት በታች ለሚወዳደረው የሰፈራችን ቡድን ምልመላ ይዤው ሄድኩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆምኩ። ልጁ ደህና ተጫወተ። አጎቱ ስለሆንኩ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ስለሆንኩም ነው። ከዚያ አሰልጣኙ ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ስም መጥራት ጀመረ። ወረቀቱ ታጥፎ ታጥፎ ጠርዙ ወይቧል። ልጆቹ የሮጡት ዛሬ ነው፤ ወረቀቱ ግን ኪስ ውስጥ ቢያንስ ሳምንት ከርሟል።

መጀመሪያ የተጠራው ኳስ ስትመጣ ዘወር የሚል ልጅ ነው። አባቱ ለቡድኑ ማሊያ ገዝተዋል አሉ።

«ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» የሚለውን ተረት እወደዋለሁ። ግን አህያን በድለናታል። አህያ አመድ ላይ የምትንከባለለው ጭነት ተሸክማ ውላ ጀርባዋን ሲበላት ነው። ሠርታ ነው። የማሊያው ልጅ ምን ተሸክሞ?

እንዲህ የሚያንገበግበኝ በምክንያት ነው። ልጆች ሳለን ኳሷ የአንድ ልጅ ነበረች። ስሙን አልጠራም፤ አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል። እሱ ካልተሰለፈ ኳሷ ቤቷ ትገባለች። ፔናሊቲ የሚመታው እሱ፣ ጎል መግባቱን የሚፈርደውም እሱ። ቡድን ሲከፈል ሁሌ መጨረሻ የምቀረው እኔ ነኝ። አንድ ቀን «በቃ፣ እሱን ምራቂ ውሰዱት» አላቸው። ምራቂ! እንደ ሽንኩርት! ሠላሳ ዓመት አለፈው። እስካሁን ጉሊት ስሄድ «መርቂልኝ» ማለት አልችልም።

ዝምድና ራሱ ጥፋት ነው አላልኩም። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ ስንበላ ሉቺያኖና ኢታሎ ቫሳሎ ወንድማማቾች ነበሩ። ግብጽን 4 ለ 2 ባሸነፍንበት ፍጻሜ ሁለቱም አግብተዋል። እንደዚያ ያለ ወንድም ያለው ያምጣው፣ ማሊያውን እኔ እገዛለታለሁ። ፊፋ ለዕድሜ ማጭበርበር እንኳ መላ አበጅቷል፤ ከ17 ዓመት በታች ውድድር ላይ የልጆቹን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ያያል። ዝምድና የሚያሳይ ማሽን ግን የለም። ቢኖርም ለማስገባት ሰው ያስፈልጋል።

አሰልጣኙን ጠጋ ብዬ «በምንድነው የመረጥካቸው?» ስለው «በዲሲፕሊን» አለኝ። ዲሲፕሊን! ይሄ ልጅ ታኬታውን አቅፎ ያደረ ነው። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ማሰሪያውን አስሮ በር ላይ ቁጭ ብሎ ሲጠብቀኝ ነበር። «አትችልም» ቢሉት እኮ አልቅሶ፣ ተለማምዶ ይመለሳል። አባቱ ማሊያ ያልገዛለት ልጅ ምን ይለማመድ?

ስንመለስ መንገዱን ግማሽ ያህል ዝም አለ። ከዚያ፣

«ጋሼ፣ ማሊያ ስንት ነው?» አለኝ።

ተቆጣሁት። ማታ ግን ስልኬን ይዤ አሰልጣኙን የሚያውቅ ሰው ስፈልግ አመሸሁ። ከሰውየው ጋር የሚቀራረበው ያ ባለ ኳሱ ነው አሉ። ብዙ አሰብኩበት። ደወልኩለት። ስሜን ተናግሬ ሳልጨርስ፣

«እንዴ! ምራቂው!» አለኝ።