አንድ ማስነጠስ

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ውስጥ አስነጠሰኝ። አንዴ ብቻ! "ይማርህ" ብለው ሳይጨርሱ ሐኪሞቼ ከበቡኝ። ሒሳብ ሠራተኛዋ የዝንጅብል ሻይ በማርና በሎሚ አዘዘችልኝ። ሾፌሩ ነጭ ሽንኩርት አለ፤ ጥሬውን፣ በባዶ ሆድ። ቡና የሚያፈሉልን እትዬ ደግሞ ዳማከሴ ከግቢያቸው ሊያመጡልኝ ቃል ገቡ። ሐምሌ ከገባ ወዲህ አገሩ በሙሉ "ኢሚዩኒቲ" እየገነባ ነው። ኮንዶሚኒየም እንኳ እንዲህ ተሯሩጠው አልገነቡልንም።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" የሚለውን ተረት በጣም እወደዋለሁ። የገለጠው ሰው ስንት መድኃኒት እንደሚታዘዝለት ግን አይናገርም።

ማር ሳል እንደሚያስታግስ አልክድም። ትኩስ ነገርም ጉሮሮ ያለሰልሳል። ግን ጉንፋን የሚያመጡት ቫይረሶች ከ200 በላይ ናቸው፤ ሁሉም አንዲት ብርጭቆ ሻይ አይተው የሚደነግጡ አይመስለኝም። ሎሚውም ቢሆን አብሮ ሲንተከተክ ቫይታሚን ሲው ይቀንሳል።

ሎሚ ሲነሳ ደሜ ይፈላል። መጋቢት 2012፣ ኮሮና አዲስ አበባ ገባ በተባለ ማግስት፣ የሰፈራችን ባለሱቅ ዘንድ ሄድኩ። የሎሚውን ዋጋ ሦስት እጥፍ አድርጎ ጠራልኝ። ነጭ ሽንኩርቱ ከባንኮኒው ሥር ገብቶ "አልቋል" ተባለ። ጫፉ እየታየኝ! የስንት ዓመት ደንበኛው ነበርኩ። ተረቱ በሽታውን ስለደበቀ ሰው ነው የሚያወራው፤ መድኃኒቱን ስለደበቀ አንድም ቃል የለውም። ዛሬም ሳልፍ "የኔ ጌታ፣ ምርጥ ዝንጅብል ገብቷል" ይለኛል። ዞሬም አላየው።

እሱስ ይሁን። ያ ሁሉ ዝንጅብል ጠጪ ማታ ሚኒባስ ውስጥ የሚሠራው ነው የሚያበግነኝ። ዝናብ ነው፣ ተጠቅጥቀናል፣ መስኮቱ ሁሉ ጥርቅም ብሏል። ከኋላ አንዱ ይስላል፣ ከፊት ሌላው ይቀበለዋል። መስኮቱን ጣት በምታህል ብከፍት ታክሲው በአንድ ድምፅ "ኧረ ዝጋው! ብርድ አስመታኸን!" አለ። የሰው ሳል ሲተነፍሱ መዋል ምንም አይደል፤ ንፋስ ግን ነፍሰ ገዳይ ነው። ዘጋሁት። ምን አባቴ ላድርግ?

የጀመርኩት ስለ ሻይ ነበር ለካ። እትዬ ማክሰኞ ዳማከሴውን በፌስታል ይዘው መጡ፤ ጨምቀው ቡናዬ ላይ ጨመሩት። እስክጨርሰው ከፊቴ ቆመው ጠበቁኝ። ጨረስኩት።

ከሰዓት በኋላ ሁለተኛ ሊያስነጥሰኝ ሲል ሮጬ ሽንት ቤት ገባሁ።