ሦስት ማዕዘን ለዘላለም ይኑር!

የቴሌግራም ልብወለድ ጸሐፊዎቻችን ክብር ይገባቸዋል አቦ! በተለይ የድሬዎቹ። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ከተማውን ጭጭ ሲያደርገው፣ ሰው ሁሉ በርጫው ላይ ጋደም ሲል፣ እነሱ ስልካቸው ላይ አቀርቅረው ክፍል 27ን ይወቅጣሉ። ድርሰቱን ተዉት፣ እሱን ማንም ይጽፈዋል። ጥበቡ ያለው ታጉ ላይ ነው፣ በ# ተጀምሮ የሚለጠፈው መለያ ላይ።

ሰሞኑን የማነበውን ልንገራችሁ። ሳቢያን የምትኖር ነርስ አለች፣ አንድ ባጃጅ ነጂ አለ፣ ጂቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌርም አለ። ክፍል 19 ላይ ሦስቱ ቁጭ ብለው ተነጋግረው፣ ተስማምተው፣ ከዚራ አንድ ቤት ተከራዩ። ታጉስ? #ፍቅር #ትዳር #አስተማሪ #እውነተኛ_ታሪክ #ሦስት_ማዕዘን። ባጃጅ ነጂው ክፍል 9 ላይ ሞቶ ክፍል 14 ላይ ቁርስ ሲበላ የተገኘ ሰው ነው፤ እውነተኛ ታሪክ ማለት እንዲህ ነው። አስተማሪነቱን ደግሞ መብራት አጥፍቼ ነው ያነበብኩት።

ሦስት ማዕዘኗ ግን ትለያለች። ምን የማትሸከመው አለ! ከሚስቱ ተደብቆ ውሽማ የያዘ፣ ሦስት ማዕዘን። ሁለት ጎረምሶች ለአንዲት ልጅ ሲፈነካከቱ፣ ሦስት ማዕዘን። ጣውንቶች በአንድ ግቢ፣ እሱም ያው። ሦስቱም እርስ በርስ ተዋደው በሰላም ቢኖሩ፣ ያው። አራት ሰው ያለበት ሁሉ አይቻለሁ ወላሂ! ሾፌሩና ባጃጅ ነጂው እርስ በርስ ካልተፋቀሩ አንዱ ጎን ክፍት ነው የሚል የሒሳብ አስተማሪ ካለ እዚያው ክፍሉ ይቆይ።

ፈረንጆቹ ያሳዝኑኛል። አርካይቭ ኦፍ አወር ኦውን የሚባል የአድናቂዎች ድርሰት ማከማቻ አላቸው። እዚያ በሁለት ስም መሀል ስላሽ (/) ከገባ ፍቅር ነው፣ & ከገባ ጓደኝነት ወይም ዝምድና ነው። ሦስቱም የሚፋቀሩ ከሆነ ሦስቱን ስም በስላሽ ያያይዙታል፤ አንዷ ከሁለቱ ጋር ሆና ሁለቱ እርስ በርስ ምንም ከሌላቸው ግን ጥንዶቹን ለየብቻ ይጽፋሉ። ታግ ሲዝረከረክ የሚያስተካክሉ በጎ ፈቃደኞችም አሉ፣ ያለ ደሞዝ! ለአንድ ድርሰት እስከ 75 ታግ ይፈቀዳል። እኛ አገር 75 ታግ ቢፈቀድ 74ቱ #ፍቅር ይሆኑ ነበር።

ደግሞስ አንባቢ አስቀድሞ ማወቁ ምን ይረባዋል? የተስማሙ ሰዎችን ታሪክ ፈልጎ የመጣው ክፍል 30 ላይ ቢላዋ ይመዘዝበት፤ ቢላዋ ሽቶ የመጣው ደግሞ ሦስት ሰው ተራ ገብቶ ሰሃን ሲያጥብ ያንብብ። አንዷ ምስኪን ከሥር «ሁለቱ ወንዶች ይተዋወቃሉ ወይስ እየዋሸቻቸው ነው? እሱን ብቻ ታግ ላይ ብትጠቁመን» ብላ ጠየቀች። መልሱ እንዴት ያለ ነው መሰላችሁ፦ «አቦ አትቸኩዪ፣ 200 ላይክ ሲሞላ ታውቂያለሽ።» አለቀ። ተስማምተው ነው ወይስ ተታለው የሚለው የታሪኩ ግማሽ ነው፣ ግማሹን ታሪክ በነፃ ማን ይሰጣል?

አንዳንዱ ግን ልብ ገዝቶ ለመለየት ይሞክራል። «#ሁለት ባል ያላት» ብሎ ይጽፋል፣ የታች ሰረዟን ረስቶ። ታግ ክፍት ቦታ አይወድም፣ ስለዚህ የሚሠራው #ሁለት ብቻ ነው። ስትነኩት «#ሁለት መኝታ፣ ውሃና መብራት ያለው» የሚል የደላላ ማስታወቂያ ይመጣላችኋል። እኔ ጥፋት አላየሁበትም፤ ክፍል 28 ላይ አከራያቸው ነገሩ ገብቷት ሦስቱንም ስታስወጣቸው፣ ቤት ፍለጋቸውን በዚያው ታግ ይጨርሱታል።