ዘይት የሚበላ ሞተር ጤነኛ አይደለም

ባለፈው ሳምንት በአንድ የሬዲዮ የመኪና ፕሮግራም ላይ የቀረቡ እንግዳ «በሺህ ኪሎ ሜትር እስከ አንድ ሊትር ዘይት የሚበላ ሞተር ጤነኛ ነው» አሉ። ሞተሩ ዘይት እየጨረሰበት መላ ፍለጋ ለደወለ ሰው የሰጡት መልስ ነው። ቀጥለው ጥፋቱ የባለንብረቱ መሆኑን፣ ዘይት በጊዜው የማይቀይር ሰው የሚያገኘው ይህንኑ እንደሆነ ነገሩት። በመጨረሻም «ካልቻልክ ሸጠህ የኤሌክትሪክ መኪና ግዛ» ብለው አሰናበቱት። ደዋዩ አመስግኖ ስልኩን ዘጋ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ንዴቴ አልበረደም።

ሦስቱ መልሶች እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። ሞተሩ ጤነኛ ከሆነ ባለንብረቱ ያጠፋው ምንድን ነው? ባለንብረቱ አጥፍቶ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ ታሟል ማለት ነው። ጤነኛ መኪና ያለውን ሰው «ሽጠው» ማለትስ ከየት የመጣ ምክር ነው? በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ በጥር 2016 ዓ.ም. ከተነገረ ወዲህ በእጃችን ያለው መኪና ዕድሜው እንዲረዝም መንከባከብ ግዴታችን ሆኗል። ሸጦ መግዛት ለሚችል ሰው ምክር አያስፈልገውም።

ሁሉንም ትቼ «አንድ ሊትር» የሚለውን ቁጥር ብቻ ልያዝ፤ ከሁሉም በላይ ጉዳት የሚያደርሰው እሱ ነውና። እኔ የምነዳው የ2007 ሞዴል ራቭ ፎር ነው፤ ባለ 2.4 ሊትር ሞተር። ዘይት ሲቀየርለት ከ4 ሊትር ብዙም የማይበልጥ ይወስዳል። በዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ከላይኛው ምልክት እስከ ታችኛው ያለው ልዩነት በአብዛኞቹ የቤት መኪኖች አንድ ሊትር ገደማ ነው። እንግዳው «ጤነኛ» ያሉት ሞተር እንግዲህ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ደርሶ ሲመለስ ዘይቱ ታችኛው ምልክት ላይ ወርዷል ማለት ነው። ባለንብረቱ እንደ ብዙዎቻችን በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይት የሚቀይር ጠንቃቃ ሰው ይሁን እንበል። ከአንዱ ቅያሪ እስከ ሌላው 5 ሊትር ዘይት ይነድበታል። ሞተሩ በሙሉ ከሚይዘው ይበልጣል! ሰውየው እንግዳውን አምኖ መለኪያውን ሳያይ ቢነዳ፣ የቅያሪው ቀን ሳይደርስ ሞተሩ ደርቆ ይነክሳል፤ ተጣብቆ ይቆማል ማለት ነው።

ብዙ ሰው ደግሞ «ቀዩ መብራት ይነግረኛል» ብሎ ይተማመናል። ቀዩ መብራት የሚናገረው ስለ ዘይቱ ግፊት ነው፤ ስለ መጠኑ አይደለም። ግፊቱ የሚወድቀው ፓምፑ የሚስበው ዘይት ሲያጣ ነው። ያን ጊዜ የሞተሩ ዘንግ የሚዞርባቸው ኩሽኔታዎች ብረት ለብረት መፋተግ ጀምረዋል። መብራቱ በርቶ አንድ ኪሎ ሜትር የነዳ ሰው ስንት እንደሚከፍል የሚያውቀው ያወቀው ነው።

«አንድ ሊትር» የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? ከአምራቾች ነው። አንዳንዶቹ በመመሪያቸው ላይ ሰፋ ያለ ገደብ ይጽፋሉ፤ ገደቡ ሰፋ ባለ መጠን በዋስትና የሚጠግኑት ሞተር ያንሳልና። ይህ የኩባንያ መከላከያ ነው እንጂ የጤና መለኪያ አይደለም። ማስረጃዬ ራሱ የምነዳው መኪና ነው። ቶዮታ በካምሪና በራቭ ፎር ላይ የገጠመው ሁለት ኤ ዜድ የተባለው ባለ 2.4 ሊትር ሞተር ዘይት እየበላ ሲያስቸግር፣ ኩባንያው ለአሜሪካ ገበያ የዋስትናውን ጊዜ ወደ 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል አራዝሞ ፒስተንና ፋሻ (በፒስተኑ ዙሪያ ያሉትን ቀለበቶች) በነጻ ይቀይር ነበር። ለመቀየር ያስቀመጠው መስፈርት በ1,200 ማይል አንድ ኳርት ነው። ወደ እኛ መለኪያ ሲመለስ በሺህ ኪሎ ሜትር ግማሽ ሊትር እንኳ አይሞላም። የሠራው ኩባንያ በግማሽ ሊትር «ታሟል» ብሎ ፒስተን ያወጣለትን ሞተር የእኛ ባለሙያ በአንድ ሊትር «ጤነኛ» ይሉታል። ሱባሩም በዚሁ በዘይት መብላት ጉዳይ ተከስሶ በ2016 እ.ኤ.አ. ከባለንብረቶች ጋር በስምምነት ጨርሷል። እነዚያ ባለንብረቶች «የተለመደ ነው» የሚለውን መልስ ተቀብለው ቤታቸው ቢቀመጡ ኖሮ አንድም ፒስተን አይቀየርላቸውም ነበር።

ወደ ጥፋተኛው ልምጣ። ፒስተኑ ላይ ካሉት ፋሻዎች የታችኛው ሥራው ዘይቱን ከሲሊንደሩ ግድግዳ መጥረግ ነው። የጠረገው ዘይት በፒስተኑ ላይ ባሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች ወደ ታች ይመለሳል። ቀዳዳዎቹ በካርቦን ሲደፈኑ ዘይቱ መመለሻ ያጣል፣ ፋሻው በቦታው ይጣበቃል፣ ዘይቱም ከቤንዚኑ ጋር ይነዳል። ዘይት ሳይቀየር መቆየቱ ድፍኑን ያፋጥነዋል፤ ይህንን አልክድም። ይሁን እንጂ ፒስተኑ ከመነሻው በደንብ የተሠራ ቢሆን ቶዮታ ለምን በተሻሻለ ፒስተን ይቀይረው ነበር? ባለንብረቶቹን «ዘይት በጊዜ ቀይሩ» ብሎ መገሠጽ ይበቃው ነበር። እኔ መኪናዬን ከገዛሁበት ቀን ጀምሮ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይት ቀይሬያለሁ፤ ደረሰኞቹ መሳቢያዬ ውስጥ አሉ። ከእኔ በፊት የነዱት ሰዎች ያደረጉትን ግን ደላላው አልነገረኝም፤ ሊነግረኝም አይፈልግም ነበር።

ደላላውን ካነሣሁ አይቀር፣ ወፍራም ዘይት የሚባለው መድኃኒትም አንጀቴን ያቃጥለኛል። አምስት ሠላሳ (5W-30) የሚባለውን ቀጭን ዘይት ለሚጠይቅ ሞተር ወፍራሙ ሃያ ሃምሳ (20W-50) ይሞላና ጭሱ ለጥቂት ሳምንታት ይቀንሳል። ሻጩ በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ መኪናውን ይሸጣል። ገዢው ያንኑ ወፍራም ዘይት እየሞላ ይቀጥላል፤ ዘይቱ በብርዱ ማለዳ ወደ ቴስታታው (ቫልቮቹ ወዳሉበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ለመድረስ እየዘገየ፣ ሞተሩ በተነሣ ቁጥር እየተፋተገ ያልቃል። ወፍራም ዘይት በሽታውን የሚደብቅ ልብስ ነው፤ ልብሱን ያለበሰው ሰው ደግሞ የሚያደርገውን ያውቃል።

ከዚህ ጋር የሚስተካከል ሌላ ጉዳት አለ፤ ገና መኪናውን ሳያይ «ሞተሩ ይውረድ» የሚል መካኒክ። ሞተር ማውረድ የመጨረሻው ነው። አስቀድሞ ከሥር የሚያንጠባጥብ ዘይት መኖር አለመኖሩ ይታያል። በሞተሩ ውስጥ የሚጠራቀመውን ጋዝ መልሶ ወደ ማቃጠያው የሚልከው ትንሽ ቫልቭ ተጣብቆ እንደሆነ ይፈተሻል፤ እሱ ሲበላሽ ሞተሩ ዘይት ይስባል፣ ዋጋው ግን ከአንድ ሞተር ማውረድ ጋር አይነጻጸርም። ከዚያ ጭሱ ራሱ ይናገራል። ጠዋት ሲነሣ ቡፍ ብሎ የሚጠፋ ሰማያዊ ጭስ በአብዛኛው ቫልቮቹ ላይ ያሉት ትንንሽ ላስቲኮች መድረቃቸውን ያሳያል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በሞተር ፍሬን ወርዳችሁ ድልድዩን ተሻግራችሁ ቤንዚን ስትሰጡ ከማርሚታው የሚወጣው ጭስም ወደዚያው ያመለክታል። ወደ ደጀን ዳገቱን ስትወጡ ሳያቋርጥ የሚከተላችሁ ከሆነ ግን ፋሻውን ጠርጥሩ። ላስቲኮቹን መቀየር ሲበቃ ሞተሩን ያወረደ መካኒክ ዘረፈ እንጂ አልጠገነም።

እንግዳው በሬዲዮ ሊናገሩት የሚገባቸው አንድ ነገር ነበር፤ «ዘይትህን ለካ»። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመህ፣ ሞተሩን አጥፍተህ አሥር ደቂቃ ጠብቅ፤ ዘይቱን እስከ ላይኛው ምልክት ሙላ፤ የሄድክበትን ኪሎ ሜትር ጻፍ፤ ሺህ ኪሎ ሜትር ነድተህ እዚያው ሜዳ ላይ ተመልሰህ፣ ወደ ምልክቱ ለመድረስ ስንት እንደጨመርክ መዝግብ። ይህ ምንም ወጪ የለውም። ኩባንያዎቹ ራሳቸው ደንበኛ አቤት ሲል በመጀመሪያ የሚያደርጉት ይህንን ምርመራ ነው። ቁጥር የያዘ ሰው መካኒክ ፊት ሲቆም «ትንሽ ይበላል» አይልም፤ «በሺህ ኪሎ ሜትር ስምንት መቶ ሚሊ ሊትር» ይላል፤ «ያለ ነው» የሚለውን መልስም አይቀበልም።

የእኔ ጎረቤት ቪትዝ አለው፤ ቤተሰቡን የሚያስተዳድረው በእሷ ነው። ቅዳሜ ጋራዥ ሊወስዳት ቀጠሮ ይዞ ነበር፤ ፕሮግራሙን ሰምቶ ተወው። «ጋሼ፣ ጤነኛ ናት ተባለ እኮ» አለኝ፤ ፊቱ ላይ እፎይታ አየሁ። ያን እፎይታ የሰጡት ሰው ነገ ሞተሩ ሲነክስ አይገኙም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤታችን ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ላይ አቆምናትና መለኪያውን መዘዝን፤ ጫፉ ላይ ከጠብታ በቀር ዘይት አልነበረም። ከአንድ ሊትር በላይ ጨምረን ወደ ላይኛው ምልክት መለስነው። ኪሎ ሜትሩን በወረቀት ጽፌ መሪው አጠገብ ለጠፍኩለት፤ ሺው ሲሞላ አብረን እንለካለን።