13 ሰዓት ያላችሁኝ ሰዎች የት አላችሁ?

ሰው «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ሲባል አንድ ቁጥር ወርውሮ ለምን ዞር ይላል?

ሰኔ ላይ እማዬን ወደ ዋሽንግተን ሸኘናት። ወንድሜ እዚያ ነው። ለፋሲካ የመጣ ጊዜ «13 ሰዓት ነው፤ ተኝተህ ስትነቃ ቦሌ ነህ» ብሎ አውርቶ ነበር። አባዬ ይህችን 13 ያዛት። እኔም ስልኬ ላይ ፈለግኩ። ርቀቱ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጊዜው 13 ሰዓት ተኩል ይላል። በቃ፣ ተስማማን።

መጀመሪያ ነገር፣ ያ ቁጥር ከኮዬ ፈጬ አይጀምርም። ከቤት የወጣነው 10 ሰዓት ላይ ነው። ዝናብ፣ ጭቃ፣ ቃሊቲ ላይ የተበላሸ ሲኖትራክ። ቦሌ 12:40 ደረስን። በዚያን ያህል ጊዜ አውሮፕላን ናይሮቢ ደርሶ ሻንጣ ያራግፋል። ይሁን፣ ይህንን ለምደነዋል።

አውሮፕላኑ ማታ 4:30 ተነሳ። በማግስቱ ረፋድ ልክ 5:30 ላይ አባዬ ደወለ። «ገባች?» አልገባችም። ስድስት ሰዓት ላይ ደወለ። ስድስት ተኩል ላይ ደወለ። እኔ ሥራ ላይ ነኝ፣ አለቃዬ ያየኛል። ወንድሜ ጋ ደወልኩ። «8 ሰዓት ከሩብ ላይ ታርፋለች» አለኝ። ለአባዬ ነገርኩት። 8 ሰዓት ከሩብ ሆነ። የለችም። አባዬ ሬዲዮ ከፍቶ ዜና መስማት ጀመረ። ምን ዓይነት ዜና እየጠበቀ እንደነበር ታውቃላችሁ።

ለካ ልጁ የነገረን በፈረንጅ ሰዓት ነው! የእነሱ ጠዋት 8 ሰዓት ከሩብ በእኛ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ከሩብ ነው። ልዩነቱ በእነሱ በጋ 7 ሰዓት ነው፤ የኛ አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ በ6 ይለያል። ቁጥሩ ሲታይ የአንድ ሰዓት ልዩነት ብቻ ይመስላል። ሰው እንዲሳሳት ሆን ተብሎ የተሠራ ነው የሚመስለው።

እሺ፣ 13ቱ ሰዓት እንዴት 17 ሊሞላ ደረሰ? ይህንን አንድም ሰው አልነገረንም። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ክንፉም ሞተሩም እንደ ቆላው አይሠራም። ታንኩን ጢም አድርጎ፣ ያን ሁሉ ሰውና ሻንጣ ጭኖ መነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ ቀለል ብሎ ይነሳና መሃል ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል። የዋሽንግተኑ ዳለስ ግን ከፍታው 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ከዚያ ሲነሳ ሞልቶ፣ በቀጥታ ይመጣል። በዚያ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ከኋላው ይገፋዋል። ወንድሜ የነገረን የመምጫውን ነው። ስልኬም ርቀትን ለፍጥነት ከማካፈል ሌላ የሚያውቀው የለም።

እማዬ ስታርፍ ስልኳ አይሠራም ነበር። ፓስፖርት፣ ሰልፍ፣ ሻንጣ። ድምጿን የሰማነው 11 ሰዓት አልፎ ነው። የመጀመሪያ ቃሏ «አባትህ ምሳ በላ?» ነበር። አልበላም።

አሁን በመስከረም ትመለሳለች። አባዬ ከወዲሁ «ስንት ሰዓት ትደርሳለች?» ማለት ጀምሯል።

«ቦሌ ነው ኮዬ?» አልኩት።