ማስተካከያ፦ በሜሪላንድ የእስር ማዘዣ ፍለጋን በተመለከተ

በሞንትጎመሪ ካውንቲ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ቀደም ሲል በተሰራጨው መረጃ «በሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች ነጻ የመዝገብ መፈለጊያ ላይ ስማችሁ ካልወጣ የእስር ማዘዣ የለባችሁም» ተብሎ ነበር። ይህ ትክክል አይደለም።

በግዛቱ ሕግ መሠረት ያልተፈጸመ የእስር ማዘዣ፣ ፍርድ ቤቱ ሌላ ትእዛዝ ካልሰጠ በቀር፣ ተፈላጊው እስኪያዝ ወይም ማዘዣው ከወጣ 90 ቀን እስኪሞላው በመደበኛው አሠራር ለሕዝብ ክፍት አይሆንም። የፌዴራልም ሆነ የሌላ ግዛት ማዘዣ በዚህ መፈለጊያ ላይ አይገኝም። ስለዚህ ባዶ ውጤት ማረጋገጫ አይደለም። በቀጠሮ ባለመቅረብ የወጣ ማዘዣ ግን በዋናው ክስ መዝገብ ላይ ሊታይ ይችላል።

የስማችን አጻጻፍም ያሳስታል። አንዱ «ተስፋዬ» በላቲን ፊደል በሦስት ዓይነት ሊመዘገብ ይችላል፤ የአባትና የአያት ስምም ይምታታል። መጀመሪያ በመንጃ ፈቃዳችሁ ላይ እንዳለው፣ ከዚያ በሌሎቹ አጻጻፎች ፈልጉ።

ጥርጣሬ ያለው ሰው ሸሪፍ ቢሮ ሄዶ ከመጠየቁ በፊት ጠበቃ ያማክር፤ ማዘዣ ካለ እዚያው ሊያዝ ይችላል። ዜግነት ያላገኘ ሰው የኢሚግሬሽን ጠበቃም ያስፈልገዋል። ስልክ ደውሎ «ማዘዣ ወጥቶብሃል፣ በስጦታ ካርድ ክፈል» የሚል ሁሉ አጭበርባሪ ነው፤ ስልኩን ዝጉት።