ጎመን የምትፈራው ልጅ

የአክስቴ ልጅ ልቧ ሲመታ ይሰማል። ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል አጠገቧ ቁጭ ካላችሁ፣ እንደ ግድግዳ ሰዓት «ቀጭ፣ ቀጭ» ይላል። ልጅ ሳለች ቶንሲል ይመላለስባት ነበር። በኋላ ጣጣው ለልቧ ተርፎ ቫልቯን፣ ማለትም ደም የሚያሳልፈውን የልቧን በር፣ አበላሸው። በቀዶ ሕክምና ሰው ሠራሽ ቫልቭ ገባላት። ተመስገን፣ ዛሬ ደረጃ ትወጣለች።

ግን ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ ዕድሜ ልኳን ትወስዳለች። ካነሰ ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል፤ ከበዛ ትደማለች። ስለዚህ ደሟ ምን ያህል ቶሎ እንደሚረጋ ለሚለካው የአይ.ኤን.አር ምርመራ ሌሊት ተነስታ አውቶቡስ ትሳፈራለች። ጾም ሲገባ ደግሞ ሌላ ጭንቅ አለ። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ጉልበት ያዳክማል። አክስቴ የጎመኑን ወጥ ከልጇ ፊት ወደ ማዕዱ ጥግ ስትገፋ አይቻለሁ።

ደም ባዕድ ነገር ሲነካ ዝም አይልም። መጀመሪያ ፕሮቲን ይለጠፍበታል፣ ደም የሚያረጋው ፕላትሌት ይከተላል፣ ከዚያ ይረጋል። ከ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቫልቮች ፓይሮሊቲክ ካርቦን በተባለ ለስላሳ ሽፋን ይሠራሉ። ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ዋርፋሪንን ግን አላስቀረም።

በ2014 (እ.ኤ.አ.) የሃርቫርዱ ቪስ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ነፍሳት አጥምዶ ከሚበላ ተክል ሐሳብ ወሰዱ። የተክሉ አፍ ስለሚያዳልጥ ነፍሳቱ መቆሚያ ያጣሉ። ተመራማሪዎቹም ብረቱንም ፕላስቲኩንም የሚያዳልጥ ስስ ፈሳሽ አለበሱት። አሳማ ላይ ሲሞከር፣ ሄፓሪን የተባለው የደም መርጋት መከላከያ መድኃኒት ሳይሰጥ ደም በቱቦ ውስጥ 8 ሰዓት ሳይረጋ ዞረ።

ለቱቦ 8 ሰዓት ብዙ ነው። ቫልቭ ግን በቀን ወደ 100 ሺህ ጊዜ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ያውም ለዓመታት። ሽፋኑ ታጥቦ ቢሄድስ? ዋናው ሥራ ገና እዚህ ጋ ነው ያለው።

ይህን ምርምር የሀብታም አገር ቅንጦት አድርገው የሚያዩ አሉ። እኔ በፍጹም አልስማማም። አሜሪካ ቤቱ ሆኖ ጣቱን ወግቶ ደሙን የሚለካ ታካሚ አለ። በዕድሜ የገፋ ሰው ደግሞ ከእንስሳት ቲሹ የተሠራ ቫልቭ ሊገባለት ይችላል፤ ያ ቫልቭ ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን አይጠይቅም። ወጣት ላይ ግን ቶሎ ያረጃል። የኛ አገር የቫልቭ ታካሚዎች ደግሞ አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው። ሴቶቹ መውለድ ይፈልጋሉ፤ ዋርፋሪን ፅንስ ይጎዳል። እንግዲህ ሽፋኑ ለማን ይበልጥ ያስፈልጋል? የልብ ሐኪሞቻችንና መሐንዲሶቻችን ጥናቱ ውስጥ ከአሁኑ ይግቡ። ሲያልቅ ገዝተን እንጠቀማለን ብለን አንቀመጥ። እስከዚያው የአይ.ኤን.አር ምርመራ ቢያንስ በየወረዳው ይድረስ።

የአክስቴ ልጅ በዚህ ዓመት ታገባለች። ስለ ልጅ ሐኪሟን ለመጠየቅ ቀጠሮ ይዛለች።